በበዓል ቀን ያልተለካ ውሃ

ዓይናዲስ የጓሬን ወንዝ መዝገብ ለሦስተኛ ጊዜ አገላብጣ ስትጨርስ ሳቀች። ደስ ብሏት አልነበረም። ወረቀቱ እንደሚለው ከሆነ ጓሬ በየወሩ በሃያ አንድ ቀን ከዋዜማው አንዲት ሳንቲ ሜትር አይጨምርም፣ አይቀንስም። በአሥራ ሁለትም እንዲሁ። በሃያ ሰባትም፣ በሃያ ዘጠኝም፣ ቅዳሜም እሑድም እንዲሁ። ክረምት ሆነ በጋ፣ ዶፍ ወረደ ቀረ፣ ማርያም በሆነች ቁጥር ወንዙ ባለበት ቆሞ ያስቀድሳል ማለት ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህንን ማንም አላየም። የሚያይበትም መንገድ አልነበረም። ወረቀቱ ከላስታ ተነሥቶ ዋናው ቢሮ ሲደርስ ቀኑ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይገለበጣል። ሃያ አንዱ አንዴ ሠላሳ፣ አንዴ ሃያ ስምንት እየሆነ ሲቀመጥ ማርያም በመሃል ትጠፋለች። በጓሬ ላይ ሊሠራ የታሰበውን ግድብ የነደፉት ሰዎች ያገኙት ጥርት ያለ ሰንጠረዥ ነው፤ አንድም ባዶ ቦታ የለውም። በሪፖርታቸው መግቢያ ላይ «በአገሪቱ ከሚገኙት እጅግ የተሟሉ መረጃዎች አንዱ» ብለው አመስግነውታል። ዓይናዲስ ይህን ያወቀችው ላሊበላ ባለው የፕሮጀክቱ ጽሕፈት ቤት ጓዳ ውስጥ አይጥ ጠርዙን የበላው ካርቶን አግኝታ፣ በእጅ የተጻፉትን ዋናዎቹን ወረቀቶች ስላነበበች ብቻ ነበር።

ያነበበችውም በግድቡ የንድፍ ሰነድ ላይ አንድ ገጽ የእርሷን፣ የውሃ መሐንዲሷን፣ ፊርማ ስለሚጠብቅ ነው። ገጹ «ከፍተኛው ጎርፍ» ይላል። የግድቡ ማስተንፈሻ፣ ማለት ወንዙ ሲሞላ ትርፉ ውሃ የሚወጣበት በር፣ ስፋቱ የሚወሰነው በዚያ ገጽ ላይ ባለው ቁጥር ነበር። በሩ ከጠበበ ውሃው በግድቡ አናት ላይ ይፈስሳል። የአፈር ግድብ ደግሞ ውሃ በአናቱ ከፈሰሰበት አያድርም። ይህንን አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በሁለተኛው ዓመት ያስተምራሉ።

ዓመቱ ሁለት ሺህ አምስት፣ ወሩ ሚያዝያ ነው። የመሠረት ድንጋዩ ለግንቦት ሃያ እንዲጣል «አቅጣጫ ተቀምጧል»። አቅጣጫውን ማን እንዳስቀመጠው ማንም አይናገርም፤ ከላይ መምጣቱ ይበቃል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ሙሉሃብት ስለ ውሃ የሚያውቀው ሲጠጣው ብቻ ቢሆንም፣ ስለ ግንቦት ሃያ ግን ጠንቅቆ ያውቃል። ቆብና ካኔቴራ አሳትሟል። የድንኳኑን ቦታ በኖራ አስምሯል።

«ዓይናዲስ፣ ያቺን ገጽ ፈርመሽ አልሰጠሽኝም።»

«ወንዙን ሳላየው አልፈርምም፣ አቶ ሙሉሃብት።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የታየ ወንዝ! አንቺ ደግሞ ምን ልትጨምሪበት?»

«ሃያ አንድ ቀንን።»

አልገባውም። መኪናውን ግን አልከለከላትም፤ ለሁለት ቀን ከፊቱ ዞር እንድትል ሳይፈልግ አልቀረም።

መኪናው በሙጃ መንገድ ላይ አወረዳት። ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር ቁልቁል ወረደች። ጓሬ ከገደል ሥር በጠጠርና በአሸዋ መሃል እንደ ገመድ ቀጥኖ ይፈስሳል። ቁጥር የተጻፈበት የብረት ዘንግ ከዳር ካለው አለት ጋር ታስሯል። አጠገቡ በድንጋይ የተሠራች የጸበል ቤት አለች። ወንዙን በየቀኑ ሁለት ጊዜ እንዲያነቡ የተቀጠሩት የደብሩ ካህን ቄስ ደግሰው ጸበል ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። መስቀላቸውን ዘረጉላት፤ ግንባሯን ሰጠች። እጅና አንገት ከልጅነት የለመዱት ነገር ስለሆነ እንጂ አስባበት አልነበረም።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በሃያ አንድ ቀን ውሃውን ያነቡታል?»

«በማርያም?»

«በማርያም።»

«ምነው እቴ! በማርያም ቀን ብዕር አነሣለሁ?»

«ታዲያ ቁጥሩ ከየት መጣ?»

«ከዋዜማው ነዋ።» ጨው ከገበያ መጣ የሚሉ ያህል ነበር የተናገሩት። «በሃያ ማታ ውሃውን አያለሁ፤ የሃያውንም የሃያ አንዱንም አንድ ላይ እጽፋለሁ። የመንግሥት ሥራ እንዳይስተጓጎል።»

«ይሄ ውሸት ነው፣ አባ።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። ይህ የበለጠ አበሸቃት።

«መጀመሪያስ ባዶ ነበር የምተወው። ስድስት ወር ባዶ ተውሁት። ኋላ አንድ የቢሮ ሰውዬ መጣ። ‹ሳጥኑ ለምን ባዶ ሆነ?› አለኝ። በዓል ነው አልሁት። ‹በዓልዎን ያክብሩ፣ ሳጥኑንም ይሙሉ፤ ያለፈውንም ጭምር፤ ባዶ ሳጥን እንዳላይ› ብሎኝ ሄደ። ሁለቱንም አደረግሁ።»

አንዱ ታቦት ፈርቶ፣ ሌላው አለቃውን ፈርቶ፣ ሁለቱም የታዘዙትን ፈጽመው በሰላም ተኝተዋል። በዚህ መታዘዝ ላይ ደግሞ ሃያ አምስት ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ሊቆም ነው።

«እስቲ ይንገሩኝ፤ በበዓል ቀን ትልቅ ጎርፍ መጥቶ ያውቃል?»

«መጥቶ ያውቃል ወይ ትያለሽ! የዘጠና አራቱን አልሰማሽም?»

ከትከሻቸው የወረደውን የቆዳ ማኅደር ፈትተው የጸሎት መጽሐፋቸውን አወጡ። ከመጨረሻው ገጽ በኋላ ያለው ባዶ ብራና ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን ፊደል ተሞልቷል፤ ማን መቼ እንደሞተ፣ በረዶ የትኛውን ማሳ እንደመታ፣ አንበጣ በስንት ቀኑ እንደለቀቀ። ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ። «በ፲፱፻፺፬ ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ፳፩ ቀን ጓሬ ሞላ። የጸበሉን ቤት ጉበን ነካ። የባንቺዓለም ወፍጮ ሄደ። ሁለት ነፍስ ጠፋ።»

ዓይናዲስ ከቦርሳዋ የዚያን ነሐሴ የመንግሥት ወረቀት አወጣች። ሃያ፣ አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት። ሃያ አንድ፣ አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት። ሃያ ሁለት፣ አንድ ሜትር ከአርባ። ቀና ብላ የጸበል ቤቷን በር አየች። ጉበኑ፣ የበሩ አናት፣ ከራሷ በላይ ነው፤ ቤቷ ራሷ ደግሞ ከወንዙ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው።

«ይህን ብራና ላይ መጻፉስ ሥራ አይደለም?»

«በማግስቱ ነው የጻፍሁት።»

«በማግስቱ የመንግሥቱን ወረቀት ለምን አላስተካከሉትም?»

«የሃያ አንዱ ሳጥን ሞልቶ ነበራ፣ ልጄ። ስርዝ ድልዝ እንዳይኖር ተብለናል።»

ሁለት ሰው በሞተ ማግስት ስርዝ ድልዝ የፈራ ሰው! ዓይናዲስ መጮኽ አማራት። ይልቁንም የከፍታ መለኪያ ሌቭሏን አቆመችና ጉበኑን ለካች። ከዘንጉ ዜሮ ስድስት ሜትር ከአርባ ወጣ። ዘንጉ ራሱ አራት ሜትር ላይ ያልቃል። ሰነዱ ውስጥ «ከፍተኛ» ተብሎ የተጻፈው ሁለት ሜትር ከሰማንያ አምስት ነው። በደብተሯ ላይ አስልታ ስትጨርስ፣ የነሐሴው ውሃ ማስተንፈሻው ከሚችለው ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ አገኘችው።

ባንቺዓለም ራሷ መጣች፤ መንግሥት ወንዝ ዳር መቆሙን ከሩቅ አይታ ነው። አርባዎቹን የተሻገረች፣ ምላሷ የሰላ ባልቴት ናት። የምትኖረው ግድቡ ሊቆም ከታሰበበት ጠባብ ገደል በታች ባለው መንደር፣ ከስልሳ አባወራ ጋር ነው።

«አንቺ ነሽ ግድብ ሠሪዋ? ያንቺ ቁመትስ ለግድብ አይበቃም።»

«ወፍጮሽን ውሃ ወሰደው ሲሉ ሰማሁ።»

«ነይ ላሳይሽ።» ሩብ ሰዓት ያህል ቁልቁል ወስዳ በአሸዋ የተዋጠ የወፍጮ ድንጋይ አሳየቻት። «ይህን አራት ጎረምሳ ነው ያወረደው፤ ውሃው ብቻውን እዚህ አደረሰው። አሁን ደግሞ ግድብ ይሉናል። ተከዜንም ሲገድቡት ሰምተናል፤ አርባ አርባ ቀን እርከን ቆፍረንለታል፣ አፈሩ ሄዶ እንዳይሞላው ብለው። ውሃው ከእኛ ወረደ፣ መብራቱ ሽቅብ አልመጣም።»

«ተነሡ አልተባላችሁም?»

«ውሃው የሚተኛበት ነው የሚነሣው አሉና። ከላይ ያሉት ካሣ ተጻፈላቸው። እኛ ከታች ነን፤ ከታች ያለ ደረቅ ነው አሉን።»

ዓይናዲስ ማጽናናት አትወድም፤ ሐሰት ይመስላታል።

በማግስቱ ሙሉሃብት ወሬዋን ቆብ እየለካ ነበር የሰማው።

«የቄስ ማስታወሻ ይዘሽ መጣሽብኝ? ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ይህንን ነው? እኛ በሳይንስ ነው የምንሠራው።»

«ሰነዱ ላይ ያለው ቁጥር በሙሉ የእኚሁ ቄስ ቁጥር ነው።»

«ያ ማኅተም አለው።»

«ሐሰት ነው እኮ የምልዎት!»

«ማኅተም ያለው ነገር እስኪሻር ድረስ ሐሰት አይሆንም።» ቆቡን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ስሚ፣ ዓይናዲስ። አባይን የደፈረ ሕዝብ ጓሬን ሊፈራ ነው? ይህ የአመለካከት ችግር ነው።»

«አባይን ቢያንስ ለክተውታል።»

ፊቱ ጠቆረ። ቢሆንም ሞኝ አልነበረም፤ ኋላ የሚጠየቅበት ነገር እንዳይኖር መንገዱን በወረቀት መዝጋት ያውቃል። የቴክኒክ ኮሚቴው ግንቦት አሥራ ሁለት ይሰበሰባል። ቄሱ በዚያ ቀርበው ወንዙን እንዳላነበቡ በፊርማቸው ካረጋገጡ ሰነዱ ይከለሳል። ካላረጋገጡ እርሷ ትፈርማለች፤ እምቢ ካለች በእርሷ ቦታ የሚፈርም ሰው አለ። ሰነዱ በማግስቱ ወደ ዋናው ቢሮ ይሄዳል።

ዓይናዲስ ተመልሳ ወረደች። ቄስ ደግሰው ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት መንግሥትን አታለለ ይባላል?»

«ይባላል።»

«እንጀራዬስ?»

«ሊቀር ይችላል።»

እርሷ እንዲህ ናት፤ ነገር አታለሰልስም። ሽማግሌው ቁልቁል፣ ጭስ ወደሚወጣበት መንደር ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ጎርፉ ከወሰዳቸው ሁለት ሰዎች አንዱ የክርስትና ልጃቸው እንደነበረ የነገረቻት ባንቺዓለም ናት፤ እርሳቸው አላነሡትም።

«እመጣለሁ» አሉ። «እፈርማለሁም።»

ግንቦት አሥራ ሁለት ላሊበላ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ስብሰባው ተጀመረ። ጽሕፈት ቤቱ የራሱ አዳራሽ አለው፤ ሆኖም በራስ አዳራሽ ሲሰበሰቡ አበል የለም። የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ጓሬን የሚያህል ወንዝ ለመገደብ የተሰበሰቡት ዘጠኝ ሰዎች የወንዙን ውሃ አንድም ቀን በእጃቸው አልነኩም። የግድቡ ነዳፊ ኢንጂነር አለሜ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ከኋላው ያንቀላፋል።

ቄስ ደግሰው ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከቅዳሴ በቀጥታ ገቡ። ወንበር ተንኳኳ፤ ሁሉም ተነሣ። መስቀሉ በተራ ዞረ። ከሁሉም ዝቅ ብሎ የተሳለመው፣ ያን ዕለት ስለ ሳይንስ ያስተማራት ሙሉሃብት ነበር። ዓይናዲስ ወረቀቱንና ብዕሩን አቀረበች።

«እዚህ ላይ ይፈርሙ፣ አባ።»

ካህኑ ብዕሩን እንደ እባብ አዩት።

«ዛሬ? ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ዓይናዲስ ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። አሥራ ሁለት ቁጥር! በመዝገቡ ላይ ዓይኗ እስኪደክም ያየችው፣ የሳቀችበት ቁጥር! በዓል አለማስታወሷን የትምህርት ምልክት ታደርገው ነበር። ቄሱን ያን ዕለት በወንዙ ዳር ብታስፈርማቸው ኖሮ ጉዳዩ አልቆ ነበር፤ ሙሉሃብት «ኮሚቴ ፊት» ስላለ ብቻ እርሷም እንደ ቄሱ የታዘዘችውን ፈጽማ ተመለሰች።

«በዓላቸውን እናክብርላቸው እንጂ» አለ ሙሉሃብት፤ ድምፁ ማር ይንጠባጠብበታል።

«ነገ እፈርማለሁ» አሉ ካህኑ።

«ነገ ሰነዱ ይሄዳል፣ አባ! ነገ ምንም የለም!» ብላ ጮኸችባቸው። ሽማግሌ ላይ መጮኽ በዚያ አገር ነውር ነው፤ ሳቁ ቆመ። የዞሩት ዓይኖች በሙሉ ነገሩን ትተው ነውሩን ያዩ ነበር።

ቄስ ደግሰው ብቻ አላዩባትም። ማኅደራቸውን ፈቱ። «የታሰረው እጄ ነው» አሉ፤ «አንደበቴን ማንም አላሰረው።» መጽሐፉን አወጡ፣ በልማዳቸው ከአጠገባቸው ላለው እንዲሳለም ዘረጉለት። አጠገባቸው ያለው ሙሉሃብት ነው። ጎንበስ ብሎ ሳመው። ከዚያ የመጨረሻውን ብራና ገልጠው፣ በቅዳሴ ዜማ ሊሆን ትንሽ የቀረው ድምፅ አሰምተው አነበቡ። ነሐሴ ሃያ አንድን፣ ጉበኑን፣ ወፍጮውን፣ ሁለቱን ነፍስ።

«የመንግሥቱ ወረቀት ለዚያች ቀን አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት ይላል» ብለው ዘጉ። «እርሱን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ በዋዜማው፣ ውሃው ሳይመጣ። የሌላውም በዓል እንዲሁ ነው። የዚያ መዝገብ ግማሹ የወንዙ ነው፣ ግማሹ የእኔ። ግድቡን በየትኛው እንደምትሠሩት እናንተ ታውቃላችሁ።»

ሙሉሃብት ጉሮሮውን ጠረገ።

«እናመሰግናለን፣ አባታችን። ነገር ግን ፊርማ የሌለው ቃል በቃለ ጉባኤ አይያዝም። እንቀጥል።»

ይህኔ ከኋላ ኢንጂነር አለሜ ነቃ።

«ጉበኑ ስንት ሜትር ላይ ነው?» ሲል ዓይናዲስን ጠየቃት።

«ስድስት ሜትር ከአርባ። ራሴ ነኝ የለካሁት።»

ኢንጂነሩ ቁጥሮቹን በፍጥነት መታ፤ የወጣውን አየ፤ ክዳኑን ዘጋ። «ስሜ በየገጹ ላይ አለ» አለ። «እስኪከለስ ድረስ ስሜ ይውጣልኝ።»

እንግዲህ ያን ጊዜ ነው ጉዱ። ከአጠገቡ ያለው ሰው የእርሱም ስም እንዲወጣ ጠየቀ። ሦስተኛው በዕለቱ በታዛቢነት ብቻ እንደተገኘ አስመዘገበ። ቀያሹ ቁልቁለቱን እንጂ ውሃውን እንዳልቀየሰ ተናገረ። ለታችኛው መንደር ስልሳ አባወራ አንገታቸውን ያላነቃነቁ ሰዎች፣ የገዛ ስማቸው በውሃ ሊወሰድ መሆኑን ሲሰሙ ዋና የሚችል ጠፋ። ዓይናዲስ በሕይወቷ እንዲህ የናቀቻቸው ሰዎች አልነበሩም፤ እንዲህ የጠቀሟትም የሉም። «ጥናቱ እንዲከለስ» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ ሁሉም ፈረሙ። ቄስ ደግሰው በማግስቱ በአሥራ ሦስት መጥተው፣ ቃል እንደገቡት ፈረሙ፤ ማንም ባይጠይቃቸውም።

የመሠረት ድንጋዩ ግን ግንቦት ሃያ ተጣለ። ድንኳን ተተከለ፣ ቆብ ታደለ፣ ሪባን ተቆረጠ። ግድብ ባይኖርም የግድብ ቀን ነበረ። ባንቺዓለም ቆቡን ተቀብላ ለሽንብራ ማሳዋ ማስፈራሪያ ሰቀለችው። ጥናቱን የሚከልስ ግን አልተመደበም፤ ድንጋዩም ዛሬ ፍየል ይቆምበታል።

ዓይናዲስ በግምገማ «ሕዝባዊ ወገንተኝነትና ሽማግሌ ማክበር ይጎድላታል» ተብላ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረች። ሥራዋ ገቢና ወጪ ወረቀት መቀበል፣ መመዝገብ፣ ማኅተም መምታት ሆነ። ቄሱን ማንም አላባረራቸውም፤ በዚያ ደመወዝ በቀን ሁለቴ ገደል የሚወርድ ሌላ ሰው አልተገኘም።

መስከረም ላይ የጓሬ የነሐሴ ወረቀት መጣ። ዓይናዲስ ዓይኗን በቀጥታ ሃያ አንድ ላይ ጣለች። ሳጥኑ ባዶ ነው። ያ ሽማግሌ ከዚያ ሁሉ በኋላም በማርያም ቀን ብዕር አላነሣም! ልትሳደብ አፏን ስትከፍት ከታች፣ በሃያ ሁለት ሳጥን ጎን ጥቃቅኑን ፊደል አየች። «ትናንት በዓል ስለሆነ አልተነበበም። ዛሬ ጠዋት የደረቀውን ጭቃ አይቼ በገመድ ለካሁ። ውሃው የጸበሉን ቤት ደፍ ነክቶ ነበር። አራት ሜትር ከስልሳ።» ሃምሳው ተሰርዞ ስልሳ ተደርጓል። ስርዝ ድልዝ ነው።

ወረቀቱ ላይ ሙሉሃብት በቀይ ብዕር የጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ተሰክቷል። «ያልተሟላ። ባዶው ሳጥን ተሞልቶ፣ በንጹሕ ተገልብጦ እንዲመለስ።»

ዓይናዲስ ቁራጩን ወረቀት ነቅላ ጨብጣ ወደ ቅርጫት ወረወረችው። የሃያ አንዱን ሳጥን አንዴ ደግማ አየችው፤ በሃያ ዓመት መዝገብ ውስጥ ከማርያም ቀኖች ሁሉ ያልዋሸው እርሱ ነበር። ማኅተሙን ቀለም አስነክታ፣ ልክ በባዶው ሳጥን ላይ አሳረፈችው።

እስኪሻር ድረስ ሐሰት አይሆንም።